መድኃኒትን የሚሠራው ማን ነው?

አንድ ተማሪ «ፔኒሲሊንን ማን አገኘው?» ተብሎ ቢጠየቅ ያለ ማመንታት «አሌክሳንደር ፍሌሚንግ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው፤ በፈተናም ሙሉ ነጥብ ያሰጣል። ይሁን እንጂ ሁለተኛ ጥያቄ እናስከትል። ፍሌሚንግ በለንደኑ የቅድስት ማርያም ሆስፒታል ቤተ ሙከራ ውስጥ ሻጋታው ባክቴሪያን ሲያጠፋ የተመለከተው በ1928 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በደም መመረዝ ሊሞት የተቃረበ አንድ ሕመምተኛ ፔኒሲሊን በመርፌ ተሰጥቶት የመሻል ምልክት ያሳየው ግን በ1941 ነው። በመካከሉ ባሉት አሥራ ሦስት ዓመታት መድኃኒቱ የት ነበር? በእነዚያ ዓመታት በቁስል ማመርቀዝና በሳንባ ምች ለሞቱት ሰዎች ግኝቱ ምን ጠቀማቸው?

ይህን ጥያቄ የምናነሳው የፍሌሚንግን ክብር ለመቀነስ አይደለም። በትምህርት ቤቶቻችንም ሆነ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሳይንስን የምናስተምረው የብቸኛ ሊቃውንት ታሪክ አድርገን በመሆኑ፣ ከግኝቱ በኋላ ያለውን ረጅም መንገድ ተማሪዎቻችን ሳያውቁት ይመረቃሉ ብለን ስለምናምን ነው። የእኛ አቋም አጭር ነው፤ ግኝትን ወደ መድኃኒት የሚለውጠው የተቋም አቅም ነው። ይህም አቅም በትምህርት የሚገኝ፣ በልምምድ የሚዳብር፣ ካልተንከባከቡትም የሚጠፋ ነገር ነው።

የሻጋታው ታሪክ ሁለተኛ ገጽ

ፍሌሚንግ ግኝቱን በ1929 አሳተመ። ንጥረ ነገሩን ከሻጋታው ፈሳሽ ለይቶና አጥርቶ ለማውጣት ግን አልተቻለም። እርሱ የባክቴሪያ አጥኚ ነበር፤ በጉዳዩ ላይ አብሮት የሚዘልቅ ጠንካራ የኬሚስትሪ ቡድን አልነበረውም። ጽሑፉም በመጽሔት ላይ ታትሞ ተቀመጠ።

ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ዓይነት አደረጃጀት ያለው ቡድን ጉዳዩን አነሳው። መሪው ሃዋርድ ፍሎሪ ሐኪምና የበሽታ አጥኚ ነበር። ኧርንስት ቼይን የባዮኬሚስትሪ ሰው ነበር። ኖርማን ሂትሊ ደግሞ በእጁ የማይሠራው መሣሪያ የለም የሚባልለት ተመራማሪ ነበር። ንጥረ ነገሩን ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው በማዛወር፣ የአሲድነቱን መጠን እየለዋወጡ መልሶ ወደ ውኃ የማስገባትን ዘዴ ያፈለቀው ሂትሊ ነው። ጦርነት ስለነበር ዕቃ አልነበረም። ሻጋታውን ያበቀሉት በሆስፒታል የአልጋ ላይ መጸዳጃ ሰሃኖችና ባገኙት ማጠራቀሚያ ሁሉ ነበር። ሜይ 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦችን በባክቴሪያ በክለው ለአራቱ ፔኒሲሊን ሰጡ። በማግሥቱ መድኃኒቱን ያላገኙት አራቱ ሞተው ሲገኙ የታከሙት በሕይወት ነበሩ።

በፌብሩዋሪ 1941 መድኃኒቱ ለአንድ ፖሊስ ተሰጠ። ሰውየው በቀናት ውስጥ ተሻለው። ነገር ግን መድኃኒቱ አለቀ። ተመራማሪዎቹ ከሽንቱ ውስጥ የወጣውን ፔኒሲሊን እንደገና እያጠሩ እስከ መስጠት ደርሰው ነበር፤ አልበቃም። ሕመሙ አገረሸና ሰውየው ሞተ። ሳይንሱ ትክክል መሆኑ ተረጋግጦ ሳለ ሕመምተኛው የሞተው በምርት እጥረት ነው። ይህን አንድ ክስተት ማንኛውም የሳይንስ ተማሪ ሊያሰላስለው ይገባል እንላለን።

በዚያው ዓመት ክረምት ፍሎሪና ሂትሊ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በኢሊኖይ ግዛት ፒዮሪያ ከተማ በሚገኝ የመንግሥት የግብርና ምርምር ቤተ ሙከራ የማብላላት ጥበብን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ተቀበሏቸው። ከበቆሎ ስታርች ማምረቻ የሚተርፈው ዝልግልግ ፈሳሽ ለሻጋታው ምግብ ሲሆን ምርቱ በብዙ እጥፍ አደገ። ፋይዘር ኩባንያ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሲትሪክ አሲድን በሻጋታ እያብላላ ሲያመርት የኖረ ነበርና ያንን ልምድ በመጠቀም ሻጋታውን በትልልቅ ጋኖች ውስጥ አየር እየነፋ ማሳደግ ቻለ፤ በማርች 1944ም በብሩክሊን ፋብሪካውን ከፈተ። በዚያው ዓመት ጁን ወር የተባበሩት ኃይሎች ኖርማንዲ ሲያርፉ ለቁስለኞች የሚሆን ፔኒሲሊን አብሮ ተጓዘ።

ልብ እንበል፤ የፋይዘር ሠራተኞች ለለስላሳ መጠጥ የሚሆን አሲድ ሲያመርቱ ስለ ፔኒሲሊን አላሰቡም። ነገር ግን በእጃቸው የነበረው ዕውቀት ለማያውቁት ነገ ስንቅ ሆነ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። በፔኒሲሊን ታሪክ ግን ሃምሳው ሰው የተሰበሰበው በቁጥር ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሌላው የማይችለውን የሚችል ነበር።

ተቋማዊ አቅም ስንል ምን ማለታችን ነው?

ተቋማዊ አቅም ማለት የሕንፃና የመሣሪያ ብዛት ማለት አይደለም። በሠራተኞች ልምድ፣ በአሠራር ደንብ፣ በመዝገብና በመተማመን ውስጥ የሚኖር፣ አንድ ሰው ቢሄድም የማይሄድ ችሎታ ማለት ነው። በዘርፉ ከተጻፉት ሥራዎች ሁለቱን እንጥቀስ።

ዌስሊ ኮኸንና ዳንኤል ሌቪንታል በ1990 ባሳተሙት ጥናት አንድ ድርጅት ከውጭ የሚመጣን አዲስ ዕውቀት ተረድቶ የሚጠቀምበት አስቀድሞ በዘርፉ የራሱ ዕውቀት ካለው ብቻ መሆኑን አስረድተዋል። የራሱን ምርምር የማያደርግ ተቋም የሌላውን ምርምር እንኳ ማንበብ ይሳነዋል ማለት ነው። ሬቤካ ሄንደርሰንና ኢያን ኮክበርን ደግሞ በ1994 የአሥር ታላላቅ የመድኃኒት ኩባንያዎችን የውስጥ መረጃ መርምረው ነበር። የበለጠ ምርታማ ሆነው የተገኙት ተመራማሪዎቻቸው በሳይንሳዊ ጽሑፎች ከውጭው ዓለም ጋር እንዲገናኙ የሚያበረታቱና የምርምር ገንዘብን የሚደለድሉት በአንድ አለቃ ውሳኔ ሳይሆን በጋራ ምክክር የሆኑት ነበሩ።

እዚህ ላይ «ዋናው ገንዘብ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ገንዘብ አያስፈልግም አንልም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሕመምተኞችን የሚያሳትፍ ክሊኒካዊ ሙከራ በጸሎት አይካሄድም። ነገር ግን ጃክ ስካኔልና ባልደረቦቹ በ2012 ያሳዩትን እንመልከት። ከ1950 ወዲህ ለምርምርና ሥርፀት በሚወጣ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚገኙት አዳዲስ መድኃኒቶች ቁጥር የዋጋ ንረቱ ተሰልቶ በየዘጠኝ ዓመቱ ገደማ በግማሽ ሲቀንስ ኖሯል። ኮምፒውተሮች በየጊዜው እየረከሱና እየፈጠኑ በመጡበት ዘመን መድኃኒት ፍለጋ እየተወደደና እየዘገየ ሄደ። ገንዘብ ብቻውን የሚፈታው ችግር ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

«አይሆንም» የማለት ችሎታ

የአሜሪካ የባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪ ማኅበር በ2021 ያወጣው ጥናት እንደሚያመለክተው ከ2011 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ክሊኒካዊ ሙከራ ከገቡት እጩ መድኃኒቶች መካከል ለገበያ የመብቃት ዕድል የነበራቸው 7.9 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። መንገዱም በአማካይ አሥር ዓመት ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ በዚህ ሙያ ውድቀት የዕለት እንጀራ ነው። በጠንካራና በደካማ ተቋም መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው ውድቀቱ መቼ፣ በምን ያህል ወጪና ምን ትምህርት ትቶ ይደርሳል በሚለው ላይ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ አስትራዜኔካ የተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያው ከ2005 እስከ 2010 ያካሄዳቸው ፕሮጀክቶች ውጤት እጅግ ደካማ ነበር። እጩ ሞለኪውል ተብለው ከተመረጡት ውስጥ የሦስተኛውን ምዕራፍ ሙከራ በስኬት ያጠናቀቁት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኩባንያው ይህን ደብቆ አላስቀመጠም፤ ፕሮጀክቶቹን አንድ በአንድ መርምሮ ውጤቱን በ2014 በሳይንሳዊ መጽሔት አሳተመ። ከተገኙት ምክንያቶች አንዱ ቡድኖች የሚመዘኑት ወደሚቀጥለው ደረጃ ባሳለፏቸው ሞለኪውሎች ቁጥር መሆኑ ነበር። ቁጥር ሲለካ ቁጥር ይመረታል። ተመራማሪው ጥርጣሬውን ይዞ ዝም ይላል፤ ፕሮጀክቱም ችግሩን እንዳዘለ ወደ ውዱ ምዕራፍ ይሻገራል።

ምርመራው ሌላም ነገር አሳየ። መድኃኒቱ ሊያጠቃው የታሰበው የሰውነት ክፍል ከበሽታው ጋር በሰው ዘረመል ማስረጃ የተያያዘ ሲሆን በሁለተኛው ምዕራፍ 73 በመቶ የሚሆኑት ፕሮጀክቶች በሂደት ላይ ወይም የተሳኩ ሆነው ተገኙ፤ እንዲህ ያለ ማስረጃ ለሌላቸው ግን አኃዙ 43 በመቶ ነበር። ኩባንያው ከዚህ ተነሥቶ ማንኛውም ፕሮጀክት የሚመልሳቸውን አምስት ጥያቄዎች አወጣ። ዒላማው ትክክል ነውን? መድኃኒቱ ወደ ትክክለኛው የሰውነት ኅብረ ሕዋስ ይደርሳልን? ደኅንነቱ የተጠበቀ ነውን? ትክክለኛዎቹን ሕመምተኞች መርጠናልን? ገበያውስ አለውን? ከእነዚህ ጋር ስድስተኛ ነገር አከሉ፤ ባህል። ፕሮጀክትን በማንኛውም ዋጋ ወደፊት ከመግፋት ይልቅ እውነቱን መፈለግ የሚከበርበት የሥራ ባህል ማለት ነው። በ2018 በታተመው ተከታይ ዘገባ መሠረት ከ2012 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት የስኬቱ መጠን ከ4 ወደ 19 በመቶ ከፍ ብሏል።

በእርግጥ አንድ ኩባንያ ስለራሱ የሚጽፈውን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። በእነዚያ ዓመታት የዘረመል ሳይንስም በራሱ አድጓል፤ ሁሉንም ለውጥ ለአደረጃጀት ብቻ መስጠት ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን ከዚህ የምንወስደው ቁም ነገር አይናወጥም። «ይህ አይሆንም፤ እናቁመው» ያለ ተመራማሪ የማይቀጣበት ቤት፣ የሚሆነውን ለማግኘት ጊዜና ገንዘብ ይተርፈዋል።

የእንዶድ ትምህርት

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ቀንድ አውጣ የበሽታው ተሸካሚ ነው። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት የኖሩት ተክል የበሽታውን ሰንሰለት የሚበጥስ መርዝ በውስጡ እንደያዘ በዚህ ታወቀ። ይህ ከፍሌሚንግ ሳህን የማያንስ አስተዋይነት ነው።

ዶክተር አክሊሉ በግኝቱ ብቻ አልረኩም። በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተለያዩ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው በማወዳደር የተሻለ ኃይል ያለውን ለዩ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የመስክ ጥናት በሕፃናት ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ታዲያ እንዶድ ለምን የዓለም መድኃኒት አልሆነም? ዶክተር አክሊሉ በታዳጊ አገሮች ለሚሠራ ሳይንስ የሚሰጠው ግምት ዝቅተኛ መሆኑን በተደጋጋሚ ተናግረዋል፤ ቅሬታቸውም መሠረት ነበረው። ዓለም አቀፍ ተቋማት በአገር ውስጥ የተገኘውን ውጤት በቂ ነው ብለው አልተቀበሉም፤ ደረጃውን በጠበቀ ቤተ ሙከራ የተደረገ የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ። እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ በአገራችን አልነበረም። ምርመራው በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተከናውኖ መልስ እስኪገኝ ድረስ ከግኝቱ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል መጥቶ የቢልሃርዝያ መከላከል ትኩረት ከቀንድ አውጣው ወደ ሕመምተኛው ዞሯል። በ1990ዎቹ ደግሞ የእንዶድን ባሕርይ በሰሜን አሜሪካ የውኃ ቧንቧዎችን በሚደፍን የዛጎል እንስሳ ላይ የማዋል የባለቤትነት መብት በኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እጅ ገባ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት እውነቶች አሉ። አንደኛው የተዛባው የዓለም ሚዛን ነው። ሁለተኛው በአገራችን በግኝቱና በጥቅሙ መካከል መቆም የነበረባቸው ክፍሎች፣ ማለትም የመርዛማነት ምርመራ፣ የኬሚካል ምርት፣ የባለቤትነት መብት ጥበቃና የቁጥጥር ሰነድ ዝግጅት አለመኖራቸው ነው። ስለ መጀመሪያው እውነት ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። እኛ ግን በራሳችን እጅ ያለው ሁለተኛው ነው እንላለን።

ከካላአዛር የተገኘ ተስፋ

ይህን ስንል «በድሃ አገር አይቻልም» የሚል መልስ እንዳይሰጠን ሌላ ምሳሌ እናቅርብ። ካላአዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። በአገራችን በመተማና በሁመራ ቆላማ ሥፍራዎች ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችን በብዛት ያጠቃል። ለብዙ ዘመን ሕክምናው ለ30 ቀናት በየዕለቱ የሚሰጥ የሚያም መርፌ ነበር። በ2003 የኢትዮጵያ፣ የኬንያ፣ የሱዳንና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች በጄኔቫ ከሚገኘው የተዘነጉ በሽታዎች መድኃኒት ፍለጋ ድርጅት ጋር አንድ የጋራ መድረክ አቋቋሙ። በአገራችን ጎንደርና አርባ ምንጭ የሙከራ ሥፍራዎች ሆኑ።

መድረኩ ሙከራውን ከመጀመሩ በፊት የሠራው ሥራ በጋዜጣ አይወጣም፤ ነርሶችንና የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን ማሠልጠን፣ የመረጃ አያያዝን በአራቱም አገሮች አንድ ማድረግ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችን ማነጋገር፣ መብራት በሌለበት መብራት ማስገባት ነበር። ውጤቱ ግን ታየ። ከ1,100 በላይ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ሙከራ ሁለት መድኃኒቶችን በማጣመር ሕክምናው ወደ 17 ቀናት ሊያጥር እንደሚችል አረጋገጠ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ተቀበለው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መድረኩ አልፈረሰም። የሠለጠኑት ሰዎችና የተለመደው አሠራር ስለነበሩ ቀጣዩ ሙከራ ከዜሮ አልጀመረም። ለልብ አደገኛ የሆነውን አንዱን መርፌ በሚዋጥ እንክብል በመተካት ሕክምናውን ወደ 14 ቀናት ማውረድ እንደሚቻልና ፈዋሽነቱም ከቀድሞው ጋር እንደሚቀራረብ በዚሁ መድረክ ታወቀ። ለአንድ የቀን ሠራተኛ ከ30 ቀን ወደ 14 ቀን ማለት የግማሽ ወር ደመወዝና የሚጠብቁት ልጆች ምግብ ማለት ነው።

እኛስ ከየት እንጀምር?

አንድ የምናውቀውን ነገር እንናገር። በአንድ ቤተ ሙከራ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከአንድ የባህል መድኃኒት ተክል ንጥረ ነገር ለማውጣት ወራት ደክሞ አልተሳካለትም። በመመረቂያ ጽሑፉ የተሳካለትን ብቻ ጻፈ፤ ያልተሳካው የተመዘገበበትን ደብተር ይዞት ሄደ። ከእርሱ በኋላ የመጣችው ተማሪ ያንኑ ተክል፣ በዚያው ማሟሟያ፣ በዚያው መንገድ ሞክራ እንደዚያው ወራት አጠፋች። ማንም አልዋሸም፤ ማንም አልሰነፈም። ግለሰቦቹ ተምረዋል፤ ተቋሙ ግን ምንም አልተማረም። አስትራዜኔካ በብዙ ገንዘብ የከፈለውን ዋጋ እኛ በወጣቶቻችን ዕድሜ እንከፍላለን።

በመሆኑም አራት ነገሮችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ የቤተ ሙከራ ደብተር የተማሪው ሳይሆን የቤተ ሙከራው ንብረት ይሁን፤ ገጹ ቁጥር፣ ቀንና የምስክር ፊርማ ያለው፣ ተማሪው ሲመረቅ በመደርደሪያ የሚቀር። ሁለተኛ፣ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ያልተሳኩ ሙከራዎችን የሚዘረዝር ምዕራፍ ይኑረው፤ መርማሪዎችም ስለዚያ ምዕራፍ ነጥብ ይስጡ እንጂ አይቀንሱ። ሦስተኛ፣ ቢያንስ አንድ የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ከኬሚስትሪ፣ ከባዮሎጂ፣ ከስታቲስቲክስና ከፋርማሲ በተውጣጡ ተማሪዎች በጋራ ይሠራ። አራተኛ፣ ፕሮጀክት ሲጀመር «ይህ ውጤት ከታየ እናቆማለን» የሚል መስፈርት አስቀድሞ ይጻፍ። ከአራቱ አንዱም የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

አደረጃጀት የፈጠራን ነፃነት ያፍናል የሚሉ አሉ፤ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ቅጽ መሙላትን ከሥርዓት ጋር የሚያምታታ ተቋም የሊቅን መንፈስ ይገድላል። ነገር ግን ጥሩ መዝገብና ጥሩ ውይይት ለሊቁ ሸክም አይደሉም፤ እርሱ በሌለበት ጊዜ ሐሳቡ እንዲኖር የሚያደርጉ ናቸው። የኦክስፎርዱ ቡድን በመጸዳጃ ሰሃን ሻጋታ ሲያበቅል የተወሰደው ማስታወሻ ባይኖር ኖሮ በፒዮሪያ የነበሩት ሰዎች የሚቀጥሉት ነገር ባልነበራቸው።

በዚህ ዓመት ወደ ቤተ ሙከራ የምትገቡ ተማሪዎች፣ ከእናንተ መካከል ቀጣዩን እንዶድ የሚያይ ዓይን ያለው እንደማይጠፋ አንጠራጠርም። እኛን የሚያሳስበን ያ ዓይን ያየውን የሚቀበሉ እጆች መኖራቸው ነው። እነዚያ እጆች ዛሬ ከጎናችሁ በተቀመጠው የክፍል ጓደኛችሁና በምትጽፉት ደብተር ይጀምራሉ። ስለዚህ ነገ ሙከራችሁ ሳይሳካ ሲቀር ገጹን አትቅደዱት። ቀኑን ጻፉበት፣ ምክንያቱን ጻፉበት፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣውም በመደርደሪያው ላይ ተዉለት።